ከትእዛዙ እጅ በቀር

ወይ ጣጣ! እኔ የሻምበል፣ በሃያ ሁለት ዓመት የመካኒክነት ዕድሜዬ ስንቱን መኪና ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ እንደዚህች ላንድሮቨር ግን አንጀቴን ያሳረረኝ የለም። መኪናዋ ምንም አላጠፋች። ያጠፉት ሰዎቹ ናቸው።

የጋሼ ትእዛዙ ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ካቻቢቴ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ «አልችልም» የሚል አፍ የለኝም። አራቱም ሴት ልጆቻቸው የተዳሩት በእሷ ነው። አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሶስና እሁድ ልትዳር ነው፤ «አባባ ቃል ገብቶልኛል፤ በእሷ ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ድርቅ አለች። ሐሙስ ዕለት ቀለሟ አልቋል፣ ሞተሯ ቦታው ተቀምጧል። የቀሩት ሦስት ዕቃዎች ናቸው፤ ሞተር ማስነሻው ሞተሪኖ፣ መሪውና ካርቡሬተሩ።

የት እንዳሉማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጦርነቱ ሲመጣ ጋሼ ማንም አስነስቶ እንዳይወስድባቸው ሦስቱን ነቅለው ለሦስት የሚካኤል ማኅበርተኞቻቸው በአደራ ሰጡ። ሰጥተው ቢተዉት ምን ነበረበት! ጽዋው ፊት አስማሏቸው፤ «ከትእዛዙ እጅ በቀር ለማንም! ትእዛዙ ልኮኝ ነው ቢላችሁ እንኳ እንዳትሰጡ!»

አቶ ብዙነህ ቤት ሄድኩ። ሞተሪኖው የጤፍ ጎታ ውስጥ ተቀብሯል፤ ጫፉ ይታየኛል! «ጋሼ ናቸው የላኩኝ» ስላቸው «እንደሱ የሚል ይመጣል ብሎን ነበር» ብለው ክዳኑን ከደኑብኝ። ወይዘሮ መስታወት መሪውን በነጠላ ጠቅልለው አልጋ ሥር አኑረውታል። «ልጄ፣ መሐላ እኮ ነው» አሉኝ። ለአቶ ፋንታሁን ብዬ እስከ ፃግብጂ ወረዳ ድረስ ተንከራተትኩ። እሳቸውማ ካርቡሬተሩን ዝገት እንዳይበላው ብለው በለጋ ቅቤ አሽተውታል። ቅቤ! ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። «በርበሬስ ምነው ቀረ?» አልኳቸው። ተቀየሙኝ።

«እሱን ራሱን አምጣና እንስጠው» አሉኝ ሦስቱም። ቀላል መስሏቸው! ጋሼ ከክረምት ወዲህ ነገር ይጠፋባቸዋል። ሶስናን በእናቷ ስም ይጠሯታል። እኔንም አንዳንዴ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል፤ ያን ቀን ምሳ አይበላልኝም።

ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን በባጃጅ ጋራዥ አምጥቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሦስቱንም ባለአደራዎች ጠራሁ። አቶ ብዙነህ ሞተሪኖውን ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። «ትእዛዙ፣ ይኸው አደራህ» አሉ። መሪውም ተሰጠ። ካርቡሬተሩም ከነቅቤው ተሰጠ። ወይዘሮ መስታወት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ለእንባ ጊዜ የለኝም፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

«በሉ ጋሼ፣ ይስጡኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ዕቃዎቹን እቅፍ አደረጓቸው። «አይሆንም።»

«እንዴ! ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ የሻምበል! ሶስና ነገ ሙሽራ ናት!»

በልጅነት ቋንቋቸው፣ በኽምጣንጋ መለሱልኝ። «የሰው አደራ ነው። ከትእዛዙ እጅ በቀር ለማንም አልሰጥም። ምለናል።»

አቶ ብዙነህ መሬት መሬቱን አዩ።

ደሜ ፈላ። በዚያች ሰዓት ካቻቢቴዬን ወርውሬ ጋራዡን ዘግቼ ብሄድ ደስ ባለኝ። ግን ዓይኔ ጣታቸው ላይ አረፈ። ቅቤ የነካው አውራ ጣታቸው የካርቡሬተሩን ክዳን ከፈት መለስ፣ ከፈት መለስ ያደርገዋል፣ መያዝ አለመያዙን ሊያይ። ሳይፈትሹ መግጠም ነውር ነው ብለው እኔን እንዳስተማሩኝ እያደረጉ ነበር።

ፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ቃላቸውን የጠበቁ ሦስት ሰዎች እያዩኝ ዋሸሁ።

«ትእዛዙ እኮ እኔ ነኝ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እጄን ያዙና ገልብጠው መዳፌን አዩት፤ ግሪሱን፣ ጠባሳውን።

«ምነው ቆየህ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ይጠበቃል?»

አንድ በአንድ አስረከቡኝ። ካርቡሬተሩን መጨረሻ ሰጡኝ። «ቅቤውን በቤንዚን እጠበው። ሳትፈትሽ እንዳትገጥም።»

እሁድ ሶስናን ከነሙሽራው ከኋላ ጭኜ ስወጣ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። መንገዱን ሁሉ «ትእዛዙ! ትእዛዙ! ማርሽ ቀንስ!» እያሉ ይጨቀጭቁኛል።

በጠሩኝ ቁጥር አቤት አልኩ።