ጩጬ፣ አንቺ ነሽ?

ፊልም ሠሪዎችን ድሮም አልወዳቸውም። «እታለም፣ ነገ ጠዋት እንቀርጻለን» ብለው ማታ ጨርቅ ተሸክመው ይመጣሉ። የሰፋሁላቸውን ኮት ቀለም አስነክተው ይመልሳሉ። ምስጋናቸው ደግሞ «ስምሽ መጨረሻ ላይ ይወጣል» ነው። መጨረሻ ላይ የሚወጣ ስም ማን ያነበዋል? ሰው ሁሉ ተነስቶ ወንበር እያንኳኳ በሩን ሲፈልግ ነው ስሜ የሚያልፈው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኑሮዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ከነሱ ጋር ያነካካችኝ ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ተዋናይ ነበረች።

ቤታችን ውስጥ እኔ ትልቋ ነኝ፣ እሷ ጩጬ። የተጻፈው ስማችን ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ብቻ ነበር። እናታችን ዘግይታ ስለወለደቻት ጀርባዬ ላይ ነው ያደገችው። በመልክ አንገናኝም፤ እሷ ሸንቃጣ፣ እኔ የስፌት መኪና ላይ ስጎነበስ ኖሬ ትከሻዬ የከበደ። ድምፃችን ግን ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ጨርቅ ነበር። ዓይኑን የጨፈነ ሰው አይለየንም።

ሱቄ ከእናታችን ቤት ራቅ ይላል። ማታ ማታ መኪናዬን ሸፍኜ ከመውጣቴ በፊት እደውልላት ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ጩጬ፣ አንቺ ነሽ?»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ። እኔ ትንሽ ዝም እላለሁ፤ አውራ ጣቴ የሌባ ጣቴን ጫፍ፣ መርፌ ያደነደነውን ቦታ፣ ይዳብሳል። ከዚያ «ትልቋ ነኝ» እላለሁ። «እሺ ትልቋ፣ ደኅና ዋልሽ?» ትላለች፤ ደስታው ትንሽ ዝቅ ይላል። ጩጬ ቀረጻ እያለች ስለምታመሽ እሷን ነው የምትጠብቀው፤ እኔማ የት እሄዳለሁ? ይህን አውቃለሁ። ግን ሰው እያወቀም ይከፋዋል።

ጩጬ ብዙ ጊዜ ሱቄ መጥታ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና እግሯን እያወዛወዘች ታየኛለች። ስልኩን ስዘጋ «ዛሬም እኔን ጠራች አይደል?» ብላ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነገሩን አሳድሬዋለሁ፤ ማንም ያየብኝ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳንባዋን ታመመች። ሆስፒታል ገባች፤ አልወጣችም። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ከቀብሯ በኋላ ሱቄን የከፈትኩ ቀን፣ ሲመሽ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ስልኩ ሄደ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጩጬ?» አለች እናቴ። ትንፋሿን ብቻ ስሰማ ቆየሁና ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ መደወል ተውኩ። ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ በሩ ላይ ፊቴን አሳያታለሁ፣ ከዚያ ነው አፌን የምከፍተው። የገዛ ድምፄን እንደ ስለት መያዝ ለመድኩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሁለቱ ሱቄ የመጡት። አንደኛው የፊልሙ ዳይሬክተር ነው። ቀረጻ ላይ «ድጋሚ!» ማለት ስለማይሰለቸው ስሙ ድጋሚ ሆኖ ቀርቷል፤ ሲቸግረው የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ሙሽሮቹንም ድጋሚ ያስገባቸዋል ይባላል። ሌላው የድምፅ ሰራተኛው ነው፤ ጆሮ ይሉታል፤ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። ዩኒፎርሙ ክምር አጠገብ ቆመው ኮፍያቸውን እያሻሹ ወለሉን ያያሉ።

ነገሩን ድጋሚ አስረዳኝ። ጩጬ የመጨረሻውን ፊልም ሠርታ ጨርሳለች፤ የመጨረሻው ትዕይንት ግን የተቀረጸው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው፤ አጠገቡ የላላ ቆርቆሮ ነበረና ነፋሱ ድምፁን በላው። እነሱ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ተዋናዩ ኋላ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ምስሉን እያየ፣ ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ጋር ገጥሞ ቃሉን እንደገና ይናገራል። «ዛሬውኑ እንቅዳው» ሲሏት «ድምፄ የት ይሄዳል?» ብላ ስቃ ሄዳለች። በሳምንቱ ታመመች።

ሌላ ልጅ ሞክረው ነበር። «ሌላ ሰው ገባባት» አለ ጆሮ፤ ከዚህ በላይ አላብራራም። እናም የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚሉት፣ እኔን ፊልም ሊያሠሩኝ መጡ። እምቢ ካልኩ ትዕይንቱ ተቆርጦ ይጣላል፤ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እሱ ነው አሉ።

ንዴት ፊቴ ላይ ወጣ። እናቴ ፊልሙን ለማየት እንደምትመጣ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ያውቃሉ። እግሯ ፊልም የሚያሳዩበትን አዳራሻቸውን ረግጦ የማያውቅ ሴት ናት፤ አሁን ግን «ድምፅዋን አንድ ጊዜ ልስማና ይብቃኝ» ብላኛለች። በሌላው ቦታ ሁሉ የልጇን ድምፅ ስትሰማ ቆይታ፣ መጨረሻው ላይ የእኔን ልስጣት? በስልክ ያልቻልኩትን በሰው ፊት ላድርገው? እንደዚያ ያለ ማታለል እንኳን ለእናት ለባዳም አይደረግም አልኳቸው። ድጋሚ ጥርሱን ነክሶ ወጣ፤ ድጋሚ እንኳን አላለም።

በዚያው ምሽት እናቴ ጋ ሄድኩ። ጩጬ የምትለብሰውን ሹራብ እግሯ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ሻይ እያፈላሁ ሳለ ከኋላዬ ተናገረች።

«ሌላውን ብታንቀላፊበትም መጨረሻው እንዳያመልጥሽ ብላኛለች።»

«ማን?»

«ጩጬ ናታ። ሆስፒታል ሆና። መጨረሻውን ለአንቺ ነው የሠራሁት አለችኝ።»

ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር፤ መጨረሻው ድምፅ የለውም፣ ካለውም የእሷ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ምድጃውን መልሼ ለኮስኩ። በማግስቱ ጆሮ ሱቅ ሄድኩ።

የድምፅ ክፍላቸው ከጥገናው ሱቅ ጀርባ ያለች፣ ሁለት ሰው ካስገባች ሦስተኛውን የምታስወጣ ጓዳ ናት። ግድግዳዋን የእንቁላል ካርቶንና የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ሸፍኖታል። ድምፅ እንዳይገባ ማራገቢያውን ስላጠፉት ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጆሮ ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋልኝ፣ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አጠለቀልኝ፣ ትንሿን ስክሪን ከፈተ።

ጩጬ ነበረች። የሰፋሁላትን ቡናማ ኮት ለብሳ፣ ጣሪያ ላይ ቆማ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ። ከሞተች ወዲህ ስትንቀሳቀስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ድጋሚ ጊዜ ስጠኝ ሳልለው ሰጠኝ።

ታሪኩ ሥራ ፍለጋ ከቤት የወጣች ሴት ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ሩቅ ከተማ ትደርስና እናቷ ጋ ትደውላለች። የምትለው ይኸው ነው፦ «እማዬ፣ እኔ ነኝ።» ትንሽ ዝምታ። «ደኅና ነኝ። ደርሻለሁ። በሩን ዝጊና ተኚ።»

ቃሉ ቀላል ነበር፤ ሥራው ግን እሾህ ሆነብኝ። ጩጬን ለመምሰል ድምፄን አቀጠንኩ፣ ሳቅ ሳቅ አስባልኩት። ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ሞከርኩ። የባሰ የሌላ ሰው ሆነ። ዝምታው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቀድማታለሁ፤ ከንፈሯ ሳይከፈት እኔ «ደኅና ነኝ» ብያለሁ። ድጋሚም ስሙን እየጠራ ያስደግመኛል። በመጨረሻ ማዳመጫውን ከራሴ አወረድኩ። ይህ ዝምታ በዝቷል፣ ስልክ ይዞ ይህን ያህል ዝም የሚል ሰው የለም፣ ቁረጡት አልኩ።

ድጋሚ እነሱም እንዲህ ብለዋት እንደነበር ነገረኝ። እሷ ግን ይህን ከነካችሁ ፊልሙ ላይ የለሁበትም ብላ ድርቅ ብላለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

«እስቲ ልየው» አልኩ፤ «ሳልናገር።»

ጆሮ ምስሉን መለሰው። እስካሁን ከንፈሯን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሌላውን አየሁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለችና ዝም አለች። ዓይኗ ዝቅ አለ። ስልክ ያልያዘው እጇ ከኮቱ ኪስ ወጣ፤ አውራ ጣቷ የሌባ ጣቷን ጫፍ መዳበስ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ መርፌ ነክቶት የማያውቀውን ለስላሳ ጣት። አንድ ነገር ዋጠች። ከዚያ ትከሻዋን ቀና አድርጋ ቀጠለች።

ዝምታው ውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁት። «ጩጬ፣ አንቺ ነሽ?» ለማለት የሚበቃ ዝምታ ነበር። እሱን ሰምቶ ለመዋጥም።

«እኔን ሆና ነው እንዴ የሠራችው?» አልኩ።

ጆሮ ተገርሞ አየኝ። «አታውቂም ነበር? ፊልሙን በሙሉ እኮ አንቺን ሆና ነው። ሱቅሽ የምትቀመጠው ልታጠናሽ ነበር።»

እኔ ደግሞ ሥራ ፈታ የምትቀመጥ ይመስለኝ ነበር፤ ውረጂ፣ ጨርቁን ታጨማጅዋለሽ እላት ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን መከፋት ልኩን ወስዳ፣ አንድ ስፌት ሳታዛንፍ ለብሳዋለች። አለቀስኩ። እዚያች ጓዳ ውስጥ፣ ሁለት ወንዶች ፊት፣ ሳላፍር አለቀስኩ። ድጋሚ ወጥቶ ውሃ አመጣልኝ።

ውሃውን ጠጥቼ ማዳመጫውን አጠለቅኩና «ድጋሚ» አልኩ። ድምፄን አላቀጠንኩም። መኪናዬን ሸፍኜ፣ መብራቱን ላጠፋ ስል እንደምናገረው ተናገርኩ። ዝምታው ላይ እናቴን ጠበቅኳት፣ ዋጥኩ፣ ቀጠልኩ። ከከንፈሯ ጋር ልክክ አለ። ጆሮ ማሽኑን አጠፋና ጀርባውን ሰጥቶን ለረጅም ጊዜ ሽቦ ሲጠቀልል ቆየ።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። በየምሽቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እሄድና ስለ ዩኒፎርም አውርቼ እመለሳለሁ። ከነገርኳት መጨረሻውን እነጥቃታለሁ፤ ካልነገርኳት በልጇ አፍ እዋሻታለሁ። በሁለቱ መካከል ስዋልል ቀኑ ደረሰ።

አዳራሻቸው ከሠዓሊዎችና ከአንድ የሙዚቃ ባንድ ጋር የሚጋሩት፣ የጎማ መጋዘን የነበረ ነው። መተላለፊያው ላይ የሠዓሊዎቹ ሥራ ተሰቅሏል፤ የባንዱ ከበሮ ጥግ ላይ ተገፍቶ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ከወንበሩ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ስክሪኑ እኔ ሁለት አንሶላ ገጥሜ የሰፋሁት ነው። ስፌቱ መሀል ለመሀል ስለሚወርድ፣ መሀል ላይ የሚቆም ተዋናይ አፍንጫው ለሁለት ይከፈላል። ጩጬ ለምናኝ ነው የሰፋሁት፤ ሌላ ማን ሊያሰፋኝ?

እናቴን ፊት አስቀመጥኳት። መብራቱ ጠፋ። እኔ ፊልሙን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው። ጩጬ ከስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ስትናገር የወንበሩን ክንድ ጨበጠች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እጇ ላላ። እንባዋን አልጠረገችም። አንድ ቦታ ላይ ጩጬ ልክ እኔ እንደማደርገው ጣቷን ምራቅ አስነክታ የካውያውን ሙቀት ስትሞክር፣ እናቴ ዞር ብላ በጨለማው አየችኝ። ቆየች። እኔ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ስክሪኑን አየሁ።

ጣሪያው መጣ። ቡናማው ኮት መጣ። አሁን እናቴ ጩጬ ብላ ትጠራታለች፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትጠራታለች፣ ከዚያስ ብዬ መቀመጫዬን ያዝኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ዝምታው ሆነ። እናቴ ወደ ፊት ዘንበል አለች። እጇ በጨለማ መጥቶ እጄን አገኘውና፣ አውራ ጣቷ የሌባ ጣቴን ጫፍ፣ የደነደነውን፣ ያዘ።

«አወቅሁሽ፣ ትልቋ» አለች፣ ስልክ እንደያዘ ሰው በዝግታ። «ደኅና ዋልሽ?»

ጩጬ፣ ስፌቴ በጉንጯ ላይ ወርዶ፣ ከአንሶላው ላይ በድምፄ መለሰችላት።

«ደኅና ነኝ። ደርሻለሁ። በሩን ዝጊና ተኚ።»