የመምሬ እሸቴ ስልክ

ዳኛቸው በቀበሌው የሰላምና ፀጥታ ኃላፊ ሆኖ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ከባድ ችግር ገጠመው፤ ቀበሌው ሰላም ሆነበት። ኧረ እውነቴን ነው። ሰው ይነግዳል፣ ያርሳል፣ ባጃጁን ይነዳል፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ቢበዛ ሁለት ሰካራም አንገት ለአንገት ይተናነቅና ጠዋት ይታረቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይተኛ ነበር። ዳኛቸው ግን ግምገማ አለበት፤ ባለፈው ግምገማ ደግሞ የበላዮቹ "ሥራህ አይታይም" ብለውት አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣው። እንግዲህ የሌለ አደጋ እንዴት ተከላክሎ ያሳያቸው?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና መላ መጣለት። ሚስቱ ብዙነሽ አጠገቡ ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና ብላ ያየችውም አልመሰለውም። ስልኩን አወጣ፤ ስም የሌለው አካውንት ከፈተ፤ በቀበሌው የቴሌግራም ግሩፕ ላይም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "በመጪው የገበያ ቀን በሕዝባችን ላይ አደጋ ለመጣል የተዘጋጁ አሉ። ምስጢራቸው ያለው ስልካቸው ውስጥ ነው። ከአንድ ተቆርቋሪ።" ከዚያ በራሱ ስም ገባና ለተቆርቋሪው መልስ ሰጠ፤ ጥቆማው ደርሶናል፣ አስቸኳይ እርምጃ እንወስዳለን አለ። ጠቋሚውም እሱ፣ አመስጋኙም እሱ።

ደብረ ታቦር በዚያ ሳምንት ያመሸችው ስታማ ነው። የገበያው ቀን ደረሰ፣ አደጋም አልደረሰም፤ ለምን አልደረሰም ቢሉ ዳኛቸው ስለተከላከለው ነዋ! በማግስቱ የቀበሌው አጥር ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ፤ "ንጹሕ ስልክ ለንጹሕ ቀበሌ" ይላል። ነዋሪ ሁሉ በየተራው እየመጣ ስልኩን ሊያስፈትሽ ሆነ። ዳኛቸው በር ላይ ቆሞ አንድ ዓይነት ንግግር ደጋግሞ ያደርጋል፤ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል ይላል። ኮቱ በካውያ ተተኩሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ፍተሻውን የያዘችው መሠረት የምትባል የኮምፒውተር ምሩቅ ናት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ የታዘዘችውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ መሥራት ነው የምታውቀው። እና ምን ተገኘ? አንዱ ለሁለት ሴቶች በአንድ ቀን "ያላንቺ አልኖርም" ብሎ ጽፎ ተገኘ። ለቅሶ አለብኝ ብሎ ከሥራ የቀረ አንድ ሠራተኛ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ሲስቅ የተነሳው ፎቶ ተገኘ። አደጋ ጣይ ግን የለም። ይህ ሁሉ ዘመቻ ባዶ እጁን ቢወጣ ዳኛቸው ግምገማው ላይ ምን ሊል ነው?

እግዜር አይደለም፣ ሌላው ረዳውና ታምራት የሚባለው የባጃጅ ሾፌር ተገኘ። ታምራት በቀበሌው ቢሮ ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድ የባጃጁን ጎማ እየበላ ስላስቸገረው፣ ለአቤቱታ ብሎ ጉድጓዱን ፎቶ አንስቶታል። በፎቶው ጥግ የቢሮው በር ይታያል። በቃ! የመንግሥት ተቋም በስውር ሲያጠና ተደረሰበት ተብሎ ጣቢያ ገባ። ጉድጓዱ እስከ ዛሬ አለ። ሚስቱ የሺ፣ ሆዷ ገፍቶ ልትወልድ የደረሰች ሴት፣ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ በየቀኑ ጣቢያ ትመላለስ ጀመር። ዳኛቸውን መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ጎንበስ ብላ "ጋሼ፣ ዛሬስ ይፈቱልኝ ይሆን?" ትለዋለች። እሱም በየቀኑ "እየተጣራ ነው" ይላታል።

እውነቱ ይነገር፣ ሰውየው ጭራሽ ሕሊና የሌለው አልነበረም። የሴትየዋ ሆድ በየቀኑ እየገፋ ሲመጣበት እንቅልፍ አጣ። ፍልሰታም ገባች። ሊቆርብ አሰበ፤ ለመቁረብ ደግሞ ንስሐ ሊገባ ግድ ነው። የንስሐ አባቱ መምሬ እሸቴ ቤታቸው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ከከተማው ዳር ነው፤ በነሐሴ ጭቃ እዚያ ድረስ መሄድ ለተተኮሰ ሱሪ አይሆንም። መምሬ እህታቸው የላከችላቸው ዘመናዊ ስልክ አላቸው። ዳኛቸው በሁለት ስብሰባ መካከል መጸዳጃ ቤት ገባና፣ በሩን ቆልፎ፣ ኃጢአቱን በድምፅ ቀድቶ ላከላቸው። የተቆርቋሪውን ነገር፣ የግምገማውን፣ የታምራትን፣ አንዱንም ሳያስቀር። መምሬም ትንሽ ቆይተው "ልጄ፣ ንስሐ በስልክ አይሆንም። ና" ብለው መለሱለት።

አልሄደም። የሚናገረውን ከተናገረ በኋላ ቀለል ብሎታል፤ ምን ቸኮለ? ከዚያ የበላዮቹ፣ የቀበሌው ኃላፊዎች አርአያ ይሁኑ፣ የነሱም ስልክ ይፈተሽ አሉ። ዳኛቸው ስልኩን አጠበው ማለት ይቻላል። ከመምሬ ጋር የተላላከውን እንዳለ አጠፋ። ታዲያ ያ ቴሌግራም "ከእሳቸውም ዘንድ ይጥፋ?" ብሎ ሲጠይቀው ሳያነብ አልፎት ኖሯል። የሰው ስልክ ሲያገላብጥ የከረመ ሰው የራሱን ማንበብ አቃተው።

ይህን ያወቀው ሌላ ጊዜ አይደለም፤ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት፣ መምሬ እሸቴ ስልኬን አላስፈትሽም ባሉ ቀን ነው።

ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። መምሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ በመሐረብ ተቋጥሮ ጭናቸው ላይ ነው። መሠረት በትሕትና መስቀላቸውን ተሳልማ፣ ሕግ ለሁሉም እኩል መሆኑን አስረድታ እጇን ዘረጋች። መምሬም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መለሱላት።

"በዚህ ውስጥ ያለው የኔ አይደለም፣ ልጄ። የሰው ነው። የሰውን አደራ ለሰው አልሰጥም።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ተነሥቶ፣ ቄስ ቢሆኑስ ከሕዝብ ደህንነት ይበልጣሉ ወይ አለ። ሌላው ባሕር ዳር የተቆለፈ ስልክ በሰዓት የሚከፍቱ ባለሙያዎች መኖራቸውን ተናገረ፤ በፖሊስ ይወሰድና ይከፈት፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰማ አለ። "ከእሳቸውም ዘንድ ይጥፋ?" የምትለዋ ጥያቄ ያን ጊዜ ነው ዳኛቸው ፊት ድቅን ያለችው። የገዛ ድምፁ፣ ከመጸዳጃ ቤት የተቀዳው፣ በባለሙያ ተከፍቶ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ታየው። ላብ አጠመቀው። ድምፅ ይሰጥበት ሲባል፣ እጆች ሊነሡ ሲሉ፣ እሱ ራሱ ተነሣ።

ጉድ እኮ ነው! ያ የጨርቅ መፈክር ሰቃይ፣ ያ "የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል" ባይ፣ ከቢሮው መሳቢያ ሕገ መንግሥቱን አስመጥቶ አንቀጽ ሃያ ስድስትን ማንበብ ጀመረ። የግል ሕይወት ይከበራል አለ። የሰው ልጅ ቤቱ፣ ደብዳቤው፣ ስልኩ ክብሩ ነው አለ። ደህንነት እየተባለ የሰው ገበና ከተዘረገፈ የሚጠበቀው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለነፃነት ብሎ እንዲህ ያለቀሰ ሰው በዚያ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም። ሕዝቡ መጀመሪያ ግር አለው፤ ቀጥሎ ግን አጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ያ የወንዛዬው ዋናተኛ ነው። ፍተሻው በዚያው ቀረ፤ ጨርቁም ወረደ።

መሠረት ብቻ እጇን አወጣች። "ታዲያ ታምራት ይፈታል ማለት ነው?" አለች።

ዳኛቸው ጉሮሮውን ጠረገና፣ የታምራት ጉዳይ ቀድሞ በሕግ የተያዘ ስለሆነ እየተጣራ ነው አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ያ ጭቃ የሚፈራ ሰው፣ እስከ ጉልበቱ እየተነከረ መምሬ እሸቴ ቤት ደረሰ። መምሬ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አስቀመጡት፣ የቤተሰቡን ደህንነት ጠየቁት። እሱ ግን አላስቻለውም፤ ስላስቀመጡለት ምስጢር እጃቸውን ሊስም ተንደረደረ። የላክሁልዎትን ሰምተው ዝም ማለትዎ ትልቅ ነገር ነው አላቸው።

"አልሰማሁትም" አሉት።

ዳኛቸው ደነገጠ።

"ፊት ለፊት ያልመጣ ንስሐ አልሰማም። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፤ ና፣ ነይ እላለሁ። ያልመጣው እንደተቀመጠ አለ። ማጥፋቱን አላውቅበት።"

ዕፎይ! ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ አንቀጽ፣ ያ ሁሉ እንባ በከንቱ! ማንም አልሰማውም። መምሬ ታዲያ አሁን መጥተሃልና ተናገር አሉት። ዳኛቸውም ምን ቢል ጥሩ ነው? ተራ ነገር ነው አባ፣ የሥራ ድካም ነው፣ ሌላ ቀን ተረጋግቼ እመጣለሁ አለ። ብቻ የኔን ላጥፋው አለ፣ ለርስዎም ሸክም ነው። መምሬ ትንሽ አዩት። ከዚያ መሐረቡን ፈቱና ስልኩን ሰጡት።

"ያንተን ብቻ። አምኜህ ነው።"

ስልኩ የይለፍ ቃል እንኳ የለውም። ባሕር ዳር ድረስ ሊሄድለት የነበረው ስልክ በጣት ሲነካ ተከፈተ። ዳኛቸው የራሱን አገኘ፤ ያልተሰማ መሆኑን የምታሳየዋ ሰማያዊ ነጥብ አጠገቡ አለች። አጠፋው፤ አሁን ከሁለቱም ዘንድ። ተገላገለ። ስልኩን ሊመልስ ሲል ከታች አንድ ስም አየ። ብዙነሽ ይላል። የሱ ብዙነሽ። እሷም ድምፅ ልካለች፤ እሷም ነጥብ አላት።

ዓይኑ ቀላ። ብዙነሽ ምን ኃጢአት አላት? ከማን ጋር? መቼ? ትናንት እንባውን ያፈሰሰለት አንቀጽ ከነቁጥሩ ጠፋው። አንድ አባወራ የቤቱን ደህንነት የማወቅ ግዴታ አለበት ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ኃላፊነት ነው እንጂ ስለላ አይደለም። ደግነቱ ጥጃ ገብስ ውስጥ ገብታ መምሬ ሊያባርሩ ከበረንዳው ወርደዋል። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ተጫነው። ግን መምሬ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ኖሯል።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለ ስልኩ፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። "ያንን የገበያውን ወሬ የጻፈው ባሌ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲጽፈው አይቻለሁ። ታምራት በሱ ታስሮ፣ የሺ ሆዷን ይዛ ስትመላለስ እያየሁ ዝም አልኩ። ፈርቼው ነው፣ አባ። ስልኬን ስለሚበረብር ይቺን ልኬ አጠፋታለሁ። እርስዎ ጋ መምጣትም ፈራሁ፤ የት ሄድሽ ይለኛል..."

ዳኛቸው የሚያጠፋበትን ቦታ ጣቱ አላገኝ አለ። ድምፁ አልቆ በራሱ እስኪቆም ድረስ መምሬ ጥጃይቱን በገመድ እንደያዙ ቆመው ነበር። ከዚያ መጡና ስልኩን ከእጁ ወሰዱት፣ መሐረቡ ላይ መልሰው ቋጠሩት። መምሬ እሸቴ ሲቆጡ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ዳኛቸው አየ።

"ይኼ የሷ ነው" አሉት። "ስትመጣ ከራሷ እስክሰማው ድረስ አልሰማሁትም፤ ከአፌም አይወጣም። አንዲት ክፉ ቃል ብትናገራት ግን እኔን አታውቀኝም። አንተ ሰምተሃል። ሂድ።"

ወጣ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ጭቃውንም አላየው። ስንት ስልክ ያስበረበረለት ምስጢር ለካ ከራሱ ቤት፣ ከምስሩ ትሪ አጠገብ፣ ቁጭ ብሎ ሲያየው ነበር የከረመው። በየቀኑ እራት ያቀረበችለት እያወቀች ነው። አንድ ቤት ውስጥ እሱን የምትፈራ ሴት ስታድር የፀጥታ ኃላፊው አላወቀም።

መንገዱ ከጣቢያው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ላይ የሺ ምሳ ዕቃዋን ይዛ እየተነፈሰች ትመጣለች። እንደ ልማዷ ዳር ያዘችለት። ትናንት ስለ ሰው መብት ያሉትን ሰማሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችው፤ ሰው ሁሉ ሲያነሣዎት ነው ያመሸው።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ይፈቱልኝ ይሆን?"

"እየተጣራ ነው" የምትለዋ አፉ ላይ መጥታ ነበር፤ አልወጣም አለች። የሺ ትጠብቀዋለች፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አላት። "የገበያውን ወሬ። አደጋ የሚባል ነገር አልነበረም። አሁን ጣቢያ ገብቼ ልናገር ነው።"

የሺ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ዘርግታ አስያዘችው።

"እንግዲያው ይቺን አንተ ያዛት" አለችው። "እሱ ምሳውን ቤቱ ይበላል።"