ከስፒከሩ ጀርባ ያለችው ኤኒድ

እንደ ሮይስተን ታንዲ ያለ ጊታር መቺ በእንግሊዟ ከተማችን በዎልሶል አልተወለደም፤ ቤዝ ጊታሬን ይዤ አጠገቡ የቆምኩት እኔ እመሰክራለሁ። ችግሩ ኩራቱ ነበር። ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ከሁላችንም ቀድሞ ገዝቶ፣ ጓዳ ዘግቶ ቁልፎቹን ሲያሽከረክር ሰንብቶ፣ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ያወጣው እሱ ነው። ግን በዚያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1974፣ በእኛ በሮክ ተጫዋቾች ዘንድ ኪቦርድ መንካት ነውር ነበር። ስለዚህ በሸክላችን ሽፋን ላይ «እዚህ ውስጥ ከጊታር በቀር ምንም የለም» ብሎ አሳተመበት።

ሸክላው ላይ ሁለቱንም የተጫወተው ራሱ ነው። መድረክ ላይ ግን ያለው ሁለት እጅ ብቻ ስለሆነ፣ በጸሎት ቤታቸው ኦርጋን የምትጫወተውን ታላቅ እህቱን ኤኒድን ከትልልቆቹ ስፒከሮች ጀርባ ደበቃት። እሷ ትጫወታለች፤ እሱ የጊታሩን ድምፅ ዘግቶ ጣቶቹን ያሯሩጣል፤ ሕዝቡ ያብዳል።

በገዛ ከተማችን በምንጫወትበት ቀን ኤኒድ ሻይዋን እያማሰለች፣ «ስማ ሮይ፣ እማማ ከፊት ወንበር ናት። ዛሬም እንደ አይጥ አልደበቅም» አለችው።

«ዛሬማ በስምሽ ነው የምጠራሽ። እማማ ትሙት!»

«አንተ እኮ ስትምል ነው የምፈራህ።»

«ከረጅሙ ዘፈን በኋላ እጅሽን ይዤ አወጣሻለሁ። በቃ!»

ሊፕስቲክ ተቀባች። ከዚያን ቀን በፊት ተቀብታ አይቻት አላውቅም።

ረጅሙ ዘፈን መሃል ላይ የመድረኩ መብራት ሲንተሳይዘሩን አጋለው። እነዚያ መሣሪያዎች ሲሞቁ ከቅኝት ይወጣሉ። ድምፁ መዛባት ሲጀምር ሮይስተን ማንም ጊታር መቺ የሚያደርገውን አደረገ፦ ባንድ እጁ የጊታሩን አንገት ጨብጦ በሌላው መቃኛውን ያጠብቅ ጀመር። ክሩን የሚነካ ጣት የለም፤ ዜማው ግን ይፈሳል።

«ኧረ ጊታሩ ብቻውን ይዘፍናል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማነው እዚያ የተደበቀው? ይውጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤኒድ መጫወቷን አቁማ ከስፒከሩ ጎን ብቅ አለች። ሮይስተን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ማይክሮፎኑን ያዘና፣ «እሷ? እሷ እንኳን ሽቦ ልታይ የመጣች ናት» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ ያላፈረውን እኔ አፈርኩለት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኤኒድ እናቷን አየች፤ ከዚያ እሱን። «አዎ፣ ሽቦው ላልቶ ነው። ተጠግኗል፤ ቀጥሉ» አለችና ወደ ስፒከሩ ጀርባ ተመለሰች።

ቀጣዩን ዘፈን በጊታር ብቻ ጀመርን። ሮይስተን ሁለት ስንኝ እንኳ አልዘለቀም፤ ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ዋሸኋችሁ» አለ። «ያ ድምፅ በሙሉ የእህቴ እጅ ነው። ኤኒድዬ፣ ነይ ውጪ!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዞር ብዬ ባይ ከስፒከሩ ጀርባ ያለው በርጩማ ባዶ ነው። ከፊት የእናታቸውም ወንበር ባዶ ነው።

ሕዝቡ ቀልድ መሰለው። «የሽቦዋ ሴትዮ! የሽቦዋ ሴትዮ!» እያለ ያጨበጭባል። ሮይስተን እንባው እየወረደ «እህቴ ናት፣ የእናቴ ልጅ ናት» ባለ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ይስቁ ነበር።