የተረፈችው አጥንት

ዶክተሯ ጠመኔ ይዛ የሚቆረጠውን ታሰምራለች። ጀሶ ደግሞ ጠመኔው ወደ ሆድ እንዳይሄድ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል።

ጀሶ ስሙ አይደለም፤ ሙያው ነው። ዕድሜውን በጀሶ ምስል ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ዛሬ የጡረታ ቢሮው ጸሐፊ ብቻ ነው።

ሦስት ጠረጴዛ ተገጥሞለት የተኛው ክንፋም አውሬ የእጁ ሥራ ነው። ሰው ሳይፈጠር ይበር የነበረ፣ ከእንሽላሊት ወገን የሆነ ፍጥረት ነው አሉ። ጀሶ አጥንቱን ገጥሞ ሥጋ ያለበሰው የመጽሐፍ ሥዕል አይቶ ነው፤ ሥዕሉን የሳለው ሰውም አውሬውን አላየውም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሌሊት ወፍ ነው» አለች የጥንት እንስሳት አጥኚዋ ዶክተር። «ክንፉን በሁሉም ጣት ላይ ወጥረውታል። የሱ ክንፍ የሚወጠረው በአንድ ረጅም ጣት ብቻ ነው። ይሄ ጆሮስ ከየት መጣ?»

«የዚያን ጊዜው ኃላፊ ነው ያዘዘው። ጆሮ የሌለው ነገር ሕፃናት ያስፈራል ብሎ።»

«ጥርሱ አያስፈራም?»

«ጥርሱን አላነሳብኝም።»

ከጠረጴዛው ማዶ የአውሬውን እግር ደግፎ የያዘው ሰው ሳቀ። «እኔን የገረመኝ ሆዱ ነው። ምን በልቶ ነው እንዲህ የተነፋው?»

የበላውን ከጀሶ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሰውየው የሚስቱ ወንድም ነው። ድሮ የዚህ ሙዚየም ዘበኛ ነበር፤ ጀሶንም እዚህ ያስቀጠረው እሱ ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ የአውሬው ምረቃ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ጀሶ ከሣጥን የወጡትን አጥንቶች በየቦታቸው ገጥሞ ሲጨርስ አንዲት ተረፈች። እስክሪብቶ የምታህል፣ ቀጭን፣ ጫፏ ጎበጥ ያለ። አንገት ላይ ሞከራት፣ እምቢ። ጭራ ላይ ሞከራት፣ እምቢ። ሥዕሉ ላይ የለችም። ተረፈችኝ ማለት ደግሞ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ዙሪያውን ገላመጠና ባልደረቀው የሆድ ጀሶ ውስጥ ሰክቷት በመዳፉ አለሰለሰው።

በሳምንቱ የአጥንቶቹ መዝገብ ሲታይ አንድ ጎደለ። ቁልፍ የሚይዘው ዘበኛው ነበር። ከሥራ አባረሩት። ጀሶ ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲል ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነበት። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ቤት በመጣ ቁጥር ሚስቱ ቦርሳዋን ከወንበር ላይ አንስታ መኝታ ቤት ታስገባለች። ወንድሟ እንዳላየ ይሆናል። ጀሶም እንዳላየ ይሆናል።

ዛሬ ዶክተሯ «የሠራው ሰው ያፍርሰው፤ ሽቦው የት እንዳለ እሱ ያውቃል» ብላ ስታስጠራው፣ ዘበኛው «ሸክም ላግዝህ። ያባረሩኝን ቤት አንዴ ቀና ብዬ ልግባበት» አለ። አትምጣ የሚያስብል ሰበብ ከየት ይምጣ!

ጆሮው ተነሳ። የክንፉ ቆዳ ተገፈፈ። ጠመኔው ደረት ላይ ደረሰና ሸርተት ብሎ ሆዱን ዞረው።

«ይሄም ይከፈት» አለች።

«ሆዱ ደህና ነው።»

«ጋሼ፣ በዚህ ሆድ እንኳን ሊበር አይራመድም።»

«ብረት አለው። መጋዙን ይበላብሻል።»

«እናየዋለን።» መጋዙን አነሳች።

«ስጪኝ!» ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «እኔ ልክፈተው። ዕዳው የኔ ነው።»

ዶክተሯ አየችው፣ መጋዙን ሰጠችው፣ ካሜራዋን ልታመጣ ወጣች።

የት እንዳለች ያውቃል፤ በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ጎን አጥንት አራት ጣት ዝቅ ብሎ። ዶክተሯ ሳትመለስ አውጥቶ ኪሱ ከከተታት አለቀ፣ ሆድ ይፍጀው። መጋዙን ሳበ። ነጩ ዱቄት ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ትንሽ ሲገፋ ጀሶው ተሰነጠቀና ቡናማ ጫፍ ብቅ አለ። በመዳፉ ሸፈነው።

«ሰውዬ፣ ምን ሆንክ?» ዘበኛው መብራቱን ይዞ ተጠጋ።

«ምንም። ውሃ... ውሃ አምጣልኝ እስቲ።»

«ውሃው ይደርሳል። እጅህን ተመልከተው፣ እንደ ቅጠል ነው የሚንቀጠቀጠው። ጣትህን ቆርጠህ እህቴ ምን ትለኛለች? አምጣ፣ እኔ ልጨርስልህ።» የጀሶን እጅ ቀስ አድርጎ ያዘ፤ የታመመ ሰው እንደሚያዝ።

ጀሶ መዳፉን አነሳ።

«ይቺ ናት» አለ።

«ምኗ?»

«የጠፋችው። እኔ ነኝ የቀበርኳት። ተርፋኝ ነበር፤ ቦታዋን ባላውቅ...»

ዘበኛው መብራቱን አስቀመጠ። አጥንቷን በሁለት ጣቱ መዝዞ፣ ዱቄቷን እፍ ብሎ፣ አገላብጦ አያት።

«ይቺን ነው የሰረቅሁት?»

ጀሶ መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ምን ላደርጋት ነበር? ጥርሴን ልጎረጉርባት?»

ዶክተሯ ካሜራዋን ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቀጥ አለች። «ከየት አገኛችኋት! ይቺን አጥንት እኮ ሌላ እንስሳ የለውም! የእጁ አንጓ ላይ ነው የምትገባው፤ የክንፉን ፊት የምትወጥረው እሷ ናት!» ሁለቱም ዞር ብለው አላዩዋትም። ደስታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጀሶ የሆነውን ነገራት። አላሳጠረውም፣ አላሳመረውም።

«ለአስተዳደሩ እጽፋለሁ» አለች ለዘበኛው በዝግታ። «ስምዎ እንዲነጻ።»

«ደብዳቤው ይቆየኝ፣ ዶክተር» አለና አጥንቷን መዳፏ ላይ አኖረላት። «አስቀድሞ የሚሰማ ሰው አለኝ።» ወደ ጀሶ ዞረ። «ተነስ።»

መንገዱን ሁሉ ዘበኛው ከፊት፣ ጀሶ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ሌላ ጊዜ የጀሶን ጉልበት አስቦ ቆም ይል ነበር፤ ዛሬ አልቆመም። የጀሶ ቤት በር ጋ ሲደርሱ ዘበኛው ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኔ እዚህ ነኝ። ጨርሰህ ከጠራኸኝ እገባለሁ። ካልጠራኸኝ ዳግም አታየኝም።»

ጀሶ ገባ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምነው፣ ዱቄት ውስጥ ተንከባልለህ ነው እንዴ የመጣኸው? ተቀመጥ በል፣ ደክሞሃል።»

አልተቀመጠም።

«ወንድምሽ ደጅ ቆሟል።»

«ወንድም ጋሼ? ለምን አይገባም?»

«እሱን ልነግርሽ ነው» አለ ጀሶ።