አንድ ያልታጠበ ሸሚዝ

«ይኼም ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው» አሉ እትዬ፣ ስምንተኛውን ሸሚዝ ከአፍንጫቸው አርቀው አልጋው ላይ እየጣሉት። «እሺ፣ የሞተ ለት የለበሰውስ?»

ባለ ላውንደሪዋ የቁም ሳጥኑን በር ይዛ ቆማለች። «እሱንም አጥቤዋለሁ፣ እትዬ።»

«መቼ?»

«የዚያኑ ለት። ሰው ሳይሰበሰብ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ጠዋት ላውንደሪው ውስጥ ወደቀ፤ እኩለ ቀን ላይ ሐኪም ቤት ዐረፈ። ልብሱን በፌስታል አድርገው ሰጧት። እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፌስታል የመጣላትን ሁሉ እንደምታደርገው ኪሱን ፈተሸች፣ ኮሌታውን በሳሙና አሸች፣ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ ቦታ ሲተርፈው ጊዜ የቀሩትን እድፋም ልብሶቹንም ከቅርጫት አውጥታ ጨመረች፤ የትራስ ጨርቁ ሳይቀር። ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል፣ ራሱን ይስታል፤ እሷ አጠበች። እጅ የለመደውን ይሠራል፣ ልብ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

እትዬ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝለው፣ አጉርሰው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ሲደርሱ ቀብሩ አልፏል። የቀረላቸው ጠረኑ ነበር፤ እሱንም የወንድማቸው ሚስት በሙቅ ውሃ አጠበችው።

«ፊቱን አላየሁ፣ ጠረኑን አላገኘሁ» አሉ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። «አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

እሷና ባሏ ልጅ አልወለዱም፤ ከእሷም ወገን በሕይወት የተረፈ የለም። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው ሰው ቢኖር እኚህ ሴትዮ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዘጓት።

ለቀስተኛው ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው «እግዜር ያጽናችሁ» ሲባሉ እኩል አንገታቸውን ይደፋሉ። ሰው ሲወጣ እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ባሏ የደንበኛ ልብስ ሊያደርስ ወጥቶ ሲያመሽ እንኳ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ሻዩን እያማሰለ፣ «መቼም እንደሱ ያለ ሰነፍ አይገኝም» አለ። ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። «እውነቴን ነው። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ደጃፋቸው ላይ ስታርፍ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ‹ና ሙቅ› ይለኛል። ‹የሰው ጫማ ይዣለሁ› ስለው፣ ‹ጫማውንም ይዘኸው ና፣ እሱም ይሙቅ› ይላል።» ሳቅ ከወዲያና ከወዲህ ሊፈነዳ ሲል የእትዬን ፊት ያየ ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

ሰነፍስ አልነበረም። አንድ ክረምት ማሽናቸው ተሰብሮ ሁለት ወር በእጅ ሲያጥቡ፣ ጣቶቿ ተላልጠው እሷ ስታማርር፣ እሱ ሊደርቁ ከተሰጡት አንሶላዎች መሀል ገብቶ ፊቱን ለንፋሱ ሰጥቶ ይቆም ነበር።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» ትለዋለች በግና።

«ምንም። ደስ ይላል። ነይ እስኪ።»

አንድ ቀን እንኳ አልሄደችም። ሁልጊዜ የሚቀድም ሥራ ነበረባት። ከሞቱ ይልቅ ይኼ ያንገበግባታል፤ ለማን ትናገረው?

በስድስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እትዬ ሻንጣቸውን አዘጋጁ። «ነገ እሄዳለሁ» ያሉት ለጫማ ሰፊው ነው፣ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ። ተመልሰው እንደማይመጡ ገባት። ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱስ ብላ ስምንቱን ሸሚዞች ሰብስባ ወደ ላውንደሪው ወረደች፤ እየተሸተቱ ተጨማደው ነበርና ካውያውን ሰካች።

ስምንተኛውን ጨርሳ ልታጥፈው ስታነሳ ሙቀቱ በክንዷ ወጣ። ምን እንዳሰበች አታውቅም፣ ጉንጯን አስደገፈችው። ደስ አላት። ባሏ ከሞተ ስድስት ቀኑ ነው፣ ደስ አላት።

«ትስቂያለሽ?»

እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አልሳቅሁም» ካለች በኋላ መዋሸቱ ደከማት። «ደስ ብሎኝ ነው፣ እትዬ። ይፍረዱብኝ።»

«ምኑ ነው ደስ ያለሽ?»

«ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ሸሚዝ ስተኩስ ይቀማኝና ደረቱ ላይ ለጥፎት ይቆም ነበር። ‹ሳይበርድ ነይ› ይለኛል። ‹አቦ ተወኝ፣ ደንበኛ ይመጣል› እለዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እትዬ። ዛሬ ገና ሞከርኩት።» ስድስት ቀን እምቢ ያላት እንባ አሁን መጣ። ዐይኗን ሳትጠርግ ሸሚዙን ወስዳ እትዬ ክንድ ላይ አኖረችው።

እትዬ እንደ ልማዳቸው አሸተቱት። ሳሙና ነው። ግን አልመለሱትም። ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደሚታቀፍ፣ አቀፉት።

«የሰው ገላ ያህል ይሞቃል» አሉ ቀስ ብለው።

ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ ሸሚዙን ዘረጉላት።

«በረደብኝ» አሉ።

ባለ ላውንደሪዋ ጠረጴዛው ላይ አየች። ሰባቱም ተተኩሰው፣ ታጥፈው ተደርድረዋል። ከላይ ያለውን አነሳችና፣ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን፣ በሁለት እጇ ጭምድድ አደረገችው። ውሃ ረጨችበት። እትዬ ወንበር ስበው አጠገቧ ሲቀመጡ፣ ኮሌታውን ዘርግታ እንደገና መተኮስ ጀመረች።