ቲሩቺ ድረስ የሚሰማ ሙሩኩ

ሰውየው ከሞተር ብስክሌቱ ወርዶ «የአላሜሉ ሙሩኩ ቤት የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ በራችን ላይ በእህቴ አሮጌ ሳሪ ከተሸፈነው አዲስ ታፔላ ሥር ቆሜ ጥርሴን እየፋቅሁ ነበር። የግብር ሰው መሆኑን በጫማው አወቅሁት። በእኛ ሰፈር በአዘቦት ቀን ካልሲ የሚያደርግ ወይ ሙሽራ ነው ወይ መንግሥት፤ የሙሽራ ፊት ደግሞ አልነበረውም።

«ይኸው ነው ጌታዬ» አልኩና መፋቂያዬን ተፍቼ ደረቴን ነፋሁ።

«ታዲያ ለምን ዝግ ነው?»

ለምን ዝግ እንደሆነ ለመናገር ከእህቴ መጀመር አለብኝ። ታላቅ እህቴን አላሜሉን ማናፓራይ ባቡር ጣቢያ ወርዶ የማያውቃት የለም። የሩዝ ሊጥ እንደ ገመድ ጠምዝዛ፣ ዘይት ውስጥ አጥልቃ፣ ሙሩኩ እየጠበሰች በቅርጫት ስትሸጥ ኖራለች። በከተማችን ሙሩኩ የማይጠብስ ቤት የለም፤ እዚህ ሕፃን ሲወለድ አያለቅስም፣ ይንኮሻኮሻል። የእሷ ግን ሌላ ነው። ናቻያፓን የሚባል የትልቋ ከተማ የቲሩቺ ነጋዴ አንድ ቀን በባቡሩ መስኮት ገዝቶ ቀመሰና ባቡሩን ትቶ ወረደ። ለዲፓቫሊ በዓል ለሱቆቹ ሁሉ ከእሷ ሊወስድ ቃል ገባ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዕቃና የአገልግሎት ግብር ቁጥር ያለበት ደረሰኝ።

«ቁጥር ከሌለሽ ሒሳብ ሠራተኛዬ ይጮህብኛል» አላት። «እሱ ሲጮህብኝ እኔ ቤት ገብቼ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ሚስቴ እራት አትሰጠኝም። ስለዚህ ቁጥሩን አውጪ። በዓሉ ሳይቃረብ ካልደረሰልኝ ትዕዛዙን ለካሩር ከተማ ጠባሾች እሰጠዋለሁ።»

አላሜሉ ጣቢያው ላይ የነበራትን ቦታ ለሌላ ሴት ለቀቀች። ይህንን ክፍል ተከራየች፣ አራት ሴቶች ቀጠረች፣ ትልቅ ምድጃ አስተከለች። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበራትም። የመጀመሪያው ማመልከቻ ወደቀ፤ እንደ ከተማው ቤት ሁሉ የእኛም ግድግዳ አሮጌ ቁጥርና አዲስ ቁጥር ነበረውና የመብራት ደረሰኙ በአሮጌው፣ የኪራይ ውሉ በአዲሱ ተጽፎ ተገኘ። «አንድ ሱቅ ሁለት ቦታ አይቆምም» ብለው መለሱት። ሁለተኛው ላይ «ቤቱ በእርግጥ መኖሩን መጥተን እናያለን» አሉ። ግድግዳ የሌለው ሱቅ እያስመዘገበ የሚያጭበረብር በዝቷላ። ይኸው ሊያይ የመጣው ሰውዬ ነው። ኮዳንዳራማን ይባላል።

መምጣቱስ ባልከፋ። የመጣው ግን አርብ ነው፤ ያውም ራሁ ገና ሲገባ! ፀሐይን የሚውጠው የእባብ ራስ ራሁ በየቀኑ የራሱ ሰዓት አለው፤ የአርቡ እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። በዚያ ሰዓት በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይጀመርም። ሙሽራ ከቤት አይወጣም፣ መኪና አይገዛም፣ ብልህ ሌባ እንኳ ሥራ አይገባም። የአላሜሉ ባል አንድ ጊዜ «ራሁ ከእኔ ጋር ምን አለው?» ብሎ የብስክሌት መጠገኛ በዚሁ ሰዓት ከፈተ። ሱቁ ተዘጋ፣ ባልየው ጎማ ሊገዛ ቲሩፑር እንደሄደ ይኸው እስከ ዛሬ ጎማ እያማረጠ ነው። ስለዚህ አዲሱ በራችን ራሁ ካለፈ በኋላ ሊከፈት፣ ታፔላው ያኔ ሊገለጥ ተወስኖ ነበር።

ወደ በሩ ስንጥቅ ተጠጋሁ። ከውስጥ ሹክሹክታ መጣ።

«ካሩፓያ፣ ማነው?»

«ግብር ነው፣ አካ» አልኳት፤ በእኛ አፍ ታላቅ እህት አካ ናት።

«በራሁ ሰዓት? አልከፍትም!»

«ዝግ ነው ብሎ ጽፎ ይሄዳል እኮ!»

«አቆየው።»

«በምን?»

«በምላስህ። ሌላ ለምን ይጠቅማል?»

ዞር አልኩ። ሰውየው ሰዓቱን እያየ ነበር።

«እህቴ ጸሎት ላይ ናት፣ ጌታዬ።»

«ረጅም ጸሎት ነው?»

«እንግዲህ ኃጢአታችን አጭር አይደለም። ሻይ እንጠጣ።»

«ሌላም የማይበት ቦታ አለኝ» አለ፤ ሆኖም ተከተለኝ። በመንገዱ ማዶ ሻይ ሻጩ ኡስማን ባይ ሻዩን ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ እየገለበጠ «ዛሬ አርብ ነው፣ ለስግደት ቶሎ እዘጋለሁ፤ ወሬህን አሳጥር» አለኝ። አፍ የሰጠኝ አምላክ እግር ለሰውየው ሰጥቶታል፤ ተነሥቶ ከሄደ አለቀልን። አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንዴ በሩን፣ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ ሰውየው ኪስ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አያለሁ። ጀመርኩ።

«ጌታዬ፣ የእህቴ ሙሩኩ እዚህ ሲነከስ ቲሩቺ ይሰማል።»

«እኔ ቲሩቺ ነው የምኖረው፤ ሰምቼ አላውቅም።»

«በመስኮት በኩል አይተኙ ይሆናላ! ባለፈው ዓመት አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ጎረሰ፤ ሁለት ጥርስ አበቀለ። ሦስተኛውን ስላልከፈለ ከለከልነው።»

ሰውየው ሻዩን አማሰለ። ፊቱ አልተነቃነቀም። እንዲህ ዓይነት ፊት ሲገጥመኝ እብድ እሆናለሁ፤ የማይስቅ ሰው ለእኔ የተዘጋ በር ነው፣ ካልደበደብኩት አላርፍም። የመንደራችን ኮርማ ሙሩኩ በልቶ ቀንዱ እንዴት እንደተጠመዘዘ ነገርኩት። ባቡሩ ጎማው ሲሰበር በሙሩኩ ተክተን እስከ ማዱራይ እንደደረሰ፣ ማዱራይ ሲደርስ ልጆች ጎማውን እንደበሉት ነገርኩት። ምንም! ብድግ ሊል ሲል ደነገጥኩ።

«በቀን ምን ያህል ትጠብሳላችሁ?» አለ፣ እንደ ዘበት።

እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ አግኝቼ ዝም ልበል? «በቀን? ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪና በር ላይ ይቆማል። ከሰዓት ሌላ ይመጣል። ለሲንጋፖር የሚላከው በመርከብ ነው፤ መርከቡ በዘይቱ ሽታ ብቻ መንገዱን ያገኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ስንት ዓመት!»

«ያለ ግብር ቁጥር?»

ኡስማን ባይ ሻዩን አየር ላይ እንዳለ ተወው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔስ ከአፋፉም ተንከባሎ ወንዝ ገባ።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ለትንሽ ነጋዴ ሕጉ አያስገድድም። ይህን ያህል የሚሸጥ ሰው ግን ገና ያኔ መመዝገብ ነበረበት። ይህ የምዝገባ ጉዳይ አይደለም። የቅጣት ጉዳይ ነው።»

«መኪናው... ትልቅ አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ምን ያህል ነው?»

«ባለ ሦስት እግር ናት። እንዲያውም ጋሪ ናት። ጋሪም አይደለችም፤ ቅርጫት ናት።»

«መርከቡስ?»

«አንድ የሲንጋፖር ሰው አንድ ጊዜ በባቡር መስኮት አንድ ፓኮ ገዝቷል። እውነቱ ይሄ ነው! አፈር ልብላ!»

«አሁን ገና መዋሸት ጀመርክ» አለኝ።

ኡስማን ባይ «ዋይ ካሩፓያ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እድሜ ልኬን ውሸቴን አምነውልኝ አያውቁም፤ አንድ ቀን ቢያምኑኝ በዚህ ቀን! ራሁ ይኸው ዋጠን አልኩ። እህቴ በሩን ዘግታ ልታመልጠው ስትል እኔ በአፌ በኩል አስገባሁት።

ኡስማን ባይ ምድጃውን አጥፍቶ ቆቡን ሲያጠልቅ የራሁ ሰዓት አለቀ። በራችን ሲጥ ብሎ ተከፈተ። አላሜሉ ጸጉሯ ላይ ጃስሚን ሰክታ ወጣች፣ ሳሪውን ከታፔላው ላይ ጎተተችው፣ ቀይና ቢጫው ስሟ ፀሐይ ላይ ታየ። ጎንበስ ብላ ሰውየውን እጅ ነሣች። ምስኪን፣ እኔ ያፈላሁትን ጉድ መች ሰማች!

ሰውየው ገባ። እንደገባ ቆመ። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ነጋዴው ናቻያፓን ሙሩኩ እንዲታሸግባቸው አስቀድሞ የላካቸው ትልልቅ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ የተላከ ዕቃ ይመስላሉ፣ የጭነት መኪና ይመስላሉ፣ መርከብ ይመስላሉ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የመጀመሪያውን አነሣ፤ ባዶ። አንኳኳው። ሁለተኛውን አነሣ፤ ባዶ። ሴቶቹ በሊጥ በተለወሰ እጃቸው ቆመው ያዩታል። እስከ መጨረሻው ረድፍ ደረሰ።

«ባዶ ናቸው ጌታዬ!» አልኩ በደስታ።

«አዎ። የተሸጠ ቆርቆሮም ባዶ ነው።»

አላሜሉ ግራ ገብቷት «ምን ተሸጠ?» አለች።

«በቀን ሁለት ጭነት መኪና፣ ወደ ሲንጋፖር ደግሞ መርከብ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ወንድምዎ።»

እህቴ አየችኝ። ይቺ ሴት ከማመልከቻው ወዲህ ጥርሷ አልታየም ነበር። አሁን ግን ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ትከሻዋን አራገበው። «ቼላማ! ኧረ ኑ ጉድ ስሙ! ጌታዬ ካሩፓያን አመኑት!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሠራተኞቹ በዕድሜ የምትበልጠው ቼላማ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ቀረበች። «ልጄ፣ ይሄንን? ባሌ ከሞተ በኋላ ማዱራይ ገበያ ላይ ሲጨፍር አየሁት ያለኝ ይሄ ነው። እኔም ጅሏ ሩዝ ቀቅዬ ጠበቅሁት!»

«ለእኔ ደግሞ» አለች ዱቄት የምትነፋዋ፣ «ሙሽራ አገኘሁልሽ፣ አውሮፕላን ነጂ ነው አለኝ። ባዶ ቆርቆሮ ነጂ ሆኖ ተገኘ።»

ኡስማን ባይ ወደ መስጊድ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። «ጌታዬ፣ እኔ ለስግደት እየሄድኩ አልዋሽም። ይህ ሰው ሻይ ጠጥቶ ገንዘቡን ጦጣ ወሰደችው ይላል። በየቀኑ። ያቺ ጦጣ እስካሁን ሆቴል ከፍታለች።»

መንገደኛው ተሰበሰበ፣ የጎረቤት ልብስ ሰፊ መጣች፣ የባቡር መሻገሪያ ዘበኛው መጣ። ሁሉም ስለ እኔ ለመመስከር ይጋፋል፤ ለድምፅ መስጫ እንኳ እንዲህ አይሰለፉም። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ያም ሆኖ፣ ሁሉንም አስታውሰውታል! አንዳንዱን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር፤ ደህና ነገር ተናግሬያለሁ ለካ።

ሰውየው እጁን አነሣ። «በዚህ ሰፈር ይህ ሰው አንድ ቀን እውነት ሲናገር የሰማ አለ?»

ከኋላ ዘበኛው «አንድ ጊዜ» አለ። «እንቅልፍ ላይ ነበር።»

ያን ጊዜ ኮዳንዳራማን ምድጃውን አየ፤ አንድ። የሙሩኩ መጭመቂያውን አየ፤ አንድ። ሴቶቹን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና ክዳኑን ነቀለ። ከመጣ ጀምሮ ገና አሁን ማውጣቱ መሆኑ ገረመኝ።

«ጌታዬ፣ እስካሁን ምንም አልጻፉም?»

«በራሁ ሰዓት ማን ይጽፋል? እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም። በተሳሳተ ሰዓት ደረስኩ፤ አልፎ እስኪሄድ የት ልቀመጥ እያልኩ ሳስብ አንተ ሻይ ጋበዝከኝ።»

«ታዲያ ቅጣቱስ? ነፍሴን አወጡት እኮ!»

«መቀባጠር ለአንተ ብቻ ነው የተፈቀደው?» አለ። ፊቱ አሁንም አልተነቃነቀም። «ቆርቆሮዎቹን ያነሣሁት ግን የምሬን ነው።»

አላሜሉን ታፔላው ሥር አቁሞ በስልኩ ፎቶ አነሣት። እኔም ፀጉሬን አስተካክዬ ከጎኗ ቆምኩ። «አንተ ውጣ» አለኝ። «ፎቶው እውነት መሆን አለበት።» አላሜሉ የሰጠችውንም ፓኮ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መልሶ ሞተሩን አስነሣ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በስልክ እስኪላክልን ያለው ጥበቃ የባሰ ነበር። ስልኩ የዱቄት ጎታው ላይ ተቀምጦ ሁላችን እንደ ታመመ ሰው እናየዋለን። በጮኸ ቁጥር ሊጥ ይወድቃል፣ ዘይት ያራል፤ አንድ ጊዜ የመብራት መክፈያ ማስታወሻ፣ አንድ ጊዜ የዘፈን ማስታወቂያ ሆኖ ቆየ። አላሜሉ እህል አልቀመሰችም። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን ጮኸ፣ ቼላማ «ደግሞ ዘፈን ነው» አለች፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ አነበበችው። ቁጥር ነው። የእኛ። አላሜሉ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተነሥታ ለናቻያፓን ደወለች፣ እጇ ሊጥ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጎታው ላይ አደረገችው።

«ደረሰሽ? ቀኑ ሳያልፍ ነው የደረስሽው፤ የካሩር ሰዎች እዚህ ደጄ ላይ ተቀምጠዋል» አለ ነጋዴው። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ሳትዋሺ፣ በቀን ምን ያህል ታደርሻለሽ?»

አራቱም ሴቶች ዞረው እኔን አዩኝ። አላሜሉም አየችኝ። ምላሴ ላይ ሁለት መኪናና አንድ መርከብ መልሕቁን ነቅሎ ሊነሣ ሲል ተሰማኝ። ሌላ መላ አልነበረኝም፤ ከወንፊቱ ላይ አሁን ከዘይት የወጣ ሙሩኩ አነሣሁና ሙሉውን አፌ ውስጥ ወተፍኩት። ምላሴ ተቃጠለ፣ ዕንባዬ ወረደ፣ ጥርሴን ገጠምኩ።

ኮርሸም! አለ።

አላሜሉ የምታደርሰውን ያህል፣ አንድም ሳትጨምር ነገረችው። ነጋዴው ቶሎ መለሰ።

«ይበቃል፣ የካሩርን ሰዎች አሰናብታቸዋለሁ። ግን ምን ነበር የተንኮሻኮሸው?»

«ሙሩኩዬ ነው።»

«ኧረ! ቲሩቺ ድረስ ይሰማል እኮ!»

ሴቶቹ አፋቸውን በሊጥ እጃቸው ሸፈኑ። እኔ አፌ ሙሉ ስለነበር ምንም አላልኩም።