ለማያውቁት የተፈረመ ቁልፍ

ወዳጆ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነው። ከክፍል ውጭ፣ በየአገሩ ተበታትነው በነጻ ከሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ጋር አንድ ፕሮግራም ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሰው መልእክቱን የሚፈርምበት ኦፕንፒጂፒ የተባለ ዲጂታል ቁልፍ ለኤስኤስኤች፣ ማለት ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ ለመግቢያም እንዲያገለግል ያደርጋል፤ የቡድኑ ሰርቨር በይለፍ ቃል ፋንታ ቁልፉን አይቶ ያስገባል። ነገር ግን ከአባላቱ አንዱ ባለቤቱን ፊት ለፊት አግኝቶ ላልፈረመለት ቁልፍ አይከፍትም። ይህን የሚያጣራውን ክፍል የጻፈው ወዳጆ ነው። መንዝ ውስጥ ግን የሚፈርምለት አባል ስላልነበረ፣ ሥራውን በኢሜይል እየላከ ሌሎች ያስገቡለት ነበር።

የቡድኑ አባል ገሊላ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን እንደምትመጣ ስትጽፍለት፣ ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረ። በመልእክት እንጂ በአካል አያውቃትም።

መነኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተገናኙ። የቁልፉን ቁጥር እሷ ከስልኳ እያነበበች፣ እሱ ከላፕቶፑ እየተከተለ አመሳከሩ። ከዚያ መታወቂያውን ተቀብላ ትክ ብላ አየችው።

«ወዳጆ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁልፉ ላይ ያለው ዓምደ ሚካኤልስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜ ነው።»

«እኔ እኮ ሻይ ያዘዝኩት ለአንድ ሰው ነው» አለች እየሳቀች።

እሱም ሳቀ። በዚያ ስም የምትጠራው እናቱ ብቻ እንደነበረች፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ጎረቤቱ ወዳጆ፣ ተማሪው ቲቸር እንደሚለው፣ ቁልፉን በዚያ ስም ሲያወጣ መታወቂያ እጠየቃለሁ ብሎ እንዳላሰበ ነገራት። አሁን በዚያ ስም የምትጠራው፣ በመልእክቶቿ፣ ገሊላ ብቻ መሆኗን ግን አልነገራትም።

ገሊላ ሳቋን አቆመች። «እኔማ አምንሃለሁ። የምፈርመው ግን ለማያውቁህ ሰዎች ነው።»

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ቁልፉ ላይ ወዳጆ የሚል ሁለተኛ ስም ይጨመራል፣ እሷም ለዚያኛው ብቻ ትፈርማለች። እምቢ ቢል ሌላ አባል በዚህ አገር መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅም። ጨመረ። ፈረመችለትና ወደ ስብሰባዋ ሄደች።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መምህራኑ ሲወጡ፣ ባዶው ቢሮ ውስጥ ሞከረው። ሰርቨሩ ወዲያው ከፈተለት። የሚነግረው ሰው ፈልጎ ቀና አለ፤ ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ ግቢውን ሸፍኖታል።

መግባቱን ሰርቨሩ ላይ ያየችው የገሊላ መልእክት መጣ። «ወዳጆ፣ እንኳን ገባህ» ይላል።

በፊተኛው ስሜ ጥሪኝ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ልመና መሰለውና አጠፋው። በምትኩ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ያልታረመ ስህተት ማግኘቱን፣ ከክፍል ሲወጣ እንደሚያርመው ጻፈላት።